ኬት ካምቤል

ዴም ኬት ኢዛቤል ካምቤል (ሚያዝያ 15 ቀን 1891 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1899 – ሐምሌ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1986) አውስትራሊያዊት የሕፃናት ሐኪምና የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበሩ። በዓለም የታወቁት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ያሳውር የነበረው ሕመም ሕይወታቸውን ለማዳን ከሚሰጣቸው ኦክስጅን ጋር የተያያዘ መሆኑን በ1951 ባወጡት ጥናት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ስለሚገጥመው የማየት ችግር ዛሬ የሚታወቀው ብዙ ነገር መነሻው ከዚህ ጥናት ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ካምቤል የተወለዱት በሜልቦርን ከተማ፣ ሃውቶርን በተባለው ሰፈር ነው። አባታቸው የጽሕፈት ሠራተኛ፣ እናታቸው ደግሞ ቀድሞ የትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። ቤቱ ሀብታም አልነበረም፤ ልጅቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ሜቶዲስት የልጃገረዶች ኮሌጅ የገቡት በነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ከዚያም በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1922 ተመረቁ። በዚያ ዓመት ከተመረቁት መካከል በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ማክፋርሌን በርኔትና በፖሊዮ ምርምር የታወቁት ጂን ማክናማራ ይገኙበታል። አንድ የምረቃ ክፍል ይህን ያህል ስመ ጥር ሰው ማፍራቱ እስካሁን በአውስትራሊያ የሕክምና ታሪክ ይወሳል።

በዚያ ዘመን ሴት ሐኪም በትልልቅ ሆስፒታሎች ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም። የሜልቦርን የሕፃናት ሆስፒታል ካምቤልንና ማክናማራን መጀመሪያ ላይ አልቀበልም ያለው ለሴት ሐኪሞች የሚሆን መጸዳጃ ቤት የለኝም በሚል ምክንያት ነው። ሁለቱም ግን አልተመለሱም፤ በመጨረሻ ተቀጥረው ሠሩ። ካምቤል በ1924 የሕክምና ዶክትሬታቸውን አገኙ።

የሕክምና ሥራ

ከ1926 ጀምሮ በንግሥት ቪክቶሪያ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ሆነው አገለገሉ። ይህ ሆስፒታል በሴት ሐኪሞች ለሴቶች የተቋቋመና በሴቶች የሚመራ ነበር። ከዚሁ ጎን በኤሰንደን ሰፈር አጠቃላይ ሕክምና ይሰጡ ነበር። በ1929 በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የአራስ ሕፃናትን ሕክምና እንዲያስተምሩ ተሾሙ፤ ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲው በመምህርነት ለመስጠት የመጀመሪያዋ ሰው ሲሆኑ እስከ 1965 ቀጥለዋል።

በቪክቶሪያ ግዛት በየሰፈሩ በተከፈቱት የሕፃናት ጤና ማዕከላትም ሠርተዋል። እናቶች ጤነኛ ልጃቸውን አምጥተው የሚያስመዝኑባቸውና ስለ አመጋገብ የሚመከሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከዶክተር ቬራ ስካንትልበሪ ብራውን ጋር ሆነው የጻፉት የሕፃናት አያያዝ መመሪያ መጽሐፍ በ1947 ወጥቶ በነርሶችና በእናቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ይህ ሁሉ ከኦክስጅኑ ታሪክ ተለይቶ መታየት የለበትም። ካምቤል ቀን ከቀን ክብደት የሚመዘግቡ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ክፍል ምን እንደተደረገለት የሚያስታውሱ ሐኪም ስለነበሩ ነው ሌሎች ያላስተዋሉትን ያስተዋሉት።

ምክንያቱ ያልታወቀው ዕውርነት

በየካቲት 1933 ዓ.ም. (1941) በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ስቱዋርት ክሊፎርድ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ያለጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ለማየት ወደ ቤቷ ሄደው ዓይኖቿ ከወዲያ ወዲህ እንደሚዋልሉና በውስጣቸው ግራጫ ነገር እንዳለ አዩ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተመሳሳይ ልጅ ተገኘ። የዓይን ሐኪሙ ቴዎዶር ቴሪ በ1942 ስለ ሕመሙ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጡ፤ እስከ 1945 ድረስም 117 ልጆችን መዘገቡ። ሕመሙ ከሌንስ በስተጀርባ ጠባሳ የሚመስል ሽፋን የሚፈጥር በመሆኑ ሬትሮለንታል ፋይብሮፕላዚያ ተባለ። ቴሪ ምክንያቱን ሳያገኙ በ1946 ሞቱ።

(በዚያው በ1942 ነሐሴ ወር፣ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነቀምት በወሊድ ምክንያት አርፈዋል። የቦስተን ሐኪሞች በሕይወት ስለተረፉ ሕፃናት ዓይን ሲጨነቁ፣ በኢትዮጵያ የንጉሥ ልጅና ራሷ ነርስ የሆነች እናት እንኳ ከወሊድ አትተርፍም ነበር። ሕመሙ ለምን በአንዳንድ አገሮች ብቻ እንደታየ ለመረዳት ይህን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል።)

በሚቀጥሉት ዓመታት ሕመሙ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊድን፣ በአውስትራሊያ ተዛመተ። ግራ የሚያጋባው ነገር የሚበዛው በደካማ ሆስፒታሎች ሳይሆን ምርጥ መሣሪያ ባላቸው ዘንድ መሆኑ ነበር። ሐኪሞች ቫይታሚኑን፣ የብረት መድኃኒቱን፣ የላም ወተቱን፣ የክፍሉን መብራት ሳይቀር ጠረጠሩ። ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን መድኃኒት ነው ተብሎ በኒውዮርክ ሲሰጥ ብዙ ልጆች የዳኑ መስሎ ነበር፤ ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማወዳደር ሲጀመር ግን ሆርሞኑ እንደማይረዳ፣ እንዲያውም በተሰጣቸው ዘንድ ሞት እንደሚበዛ ታየ። ቀድሞ የዳኑ የመሰሉት ሕመሙ በብዙዎች ላይ በራሱ ስለሚተው ነው።

የ1951 ጥናት

በሜልቦርን ሕመሙ መታየት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ ሜሪ ክሮስ የተባሉ ሐኪም የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1948 ተቋቁሞ ኦክስጅን እንደልብ ከተገኘ ወዲህ ሕመሙ መጨመሩን ታዝበው ነበር። ካምቤል በበኩላቸው እጃቸው ላይ ባለው ነገር ጀመሩ፤ በሚያውቋቸው ሦስት የሜልቦርን ተቋማት ያሉትን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀመጡ።

ልዩነቱ ቀላል ነበር። በአንደኛው ተቋም ጥሩ የኦክስጅን አልጋ ስለነበረ ሕፃናቱ ኦክስጅኑን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ያገኙ ነበር። በሁለቱ ግን በቁጠባ ይሰጥ ነበር፤ በአንደኛው የኦክስጅኑ ወጪ በቤተሰቡ ላይ ስለሚወድቅ፣ በሌላው መሣሪያው ያን ያህል ስላልተሟላ። ኦክስጅን በብዛት በተሰጠበት ተቋም ከ123 ሕፃናት 23ቱ፣ ማለት ወደ 19 በመቶ የሚሆኑት፣ ሕመሙ ያዛቸው። በሁለቱ ተቋማት ግን ከ58ቱ 4ቱ ብቻ ተያዙ፤ ይህ 7 በመቶ ገደማ ነው። ኦክስጅን በቁጠባ የተሰጠው ልጅ ዓይኑ የመትረፍ ዕድሉ የበለጠ ነበር።

ጽሑፉ በሐምሌ 1951 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ሲወጣ ካምቤል ኦክስጅንን ሊሆን የሚችል ምክንያት ብለው እንጂ የተረጋገጠ ብለው አላቀረቡትም። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነበር። ሦስቱ ተቋማት የሚለያዩት በኦክስጅን ብቻ አልነበረም፤ ነርሶቹ፣ አመጋገቡ፣ የሕፃናቱ ክብደትም ሊለያይ ይችል ነበር። መዝገብ ማወዳደር መንገድ ይጠቁማል እንጂ ክርክር አይዘጋም። ሆኖም ቁጥሩ ለሌሎች ሐኪሞች ሙከራ ለማድረግ በቂ ምክንያት ሰጣቸው፤ በካምቤል ክፍሎችም ኦክስጅን በልክ መስጠት ወዲያው ተጀመረ።

ማረጋገጫው

በዋሽንግተን ከተማ ጋሊንገር ሆስፒታል አርናል ፓትዝና ሌሮይ ሆክ ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ቡድን ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ኦክስጅን መስጠት ጀምረው ነበር። ሥራው ከባድ ነበር። አንዳንድ ነርሶች ኦክስጅን የተቀነሰበት ሕፃን ይሞታል ብለው ፈርተው ሌሊት ሌሊት ይከፍቱለት ነበር። ውጤቱ በ1952 ሲወጣ ከካምቤል ጋር የሚስማማ ሆነ። በለንደን ደግሞ ኖርማን አሽተን በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ኦክስጅን ሲበዛ ገና በማደግ ላይ ያሉት የሬቲና የደም ሥሮች እንደሚዘጉ አሳዩ።

የመጨረሻውን ቃል የሰጠው 18 የአሜሪካ ሆስፒታሎች በ1953 እና በ1954 በጋራ ያካሄዱት ጥናት ነው። 786 ሕፃናት ተካተቱ። ኦክስጅን መገደብ ዕውርነቱን በእጅጉ እንደሚቀንስ በመስከረም 1954 ይፋ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን በዓለም ዙሪያ 10,000 ያህል ልጆች ዓይናቸውን አጥተዋል ተብሎ ይገመታል። በ1950 በሚሺጋን ያለጊዜው የተወለደው ዘፋኙ ስቲቪ ዎንደር ከእነርሱ አንዱ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሬቲና በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። የደም ሥሮቹ ከ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ጀምረው ከመካከል ወደ ዳር እያደጉ የሚጨርሱት በመውለጃው ጊዜ አካባቢ ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ልጅ የሬቲናው ዳር ገና የደም ሥር አልደረሰውም። ከማኅፀን ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ሲያገኝ ሥሮቹን የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ይቀንስና እድገታቸው ይቆማል። ሬቲናው እየበሰለ ሲሄድ ደግሞ አየር ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ያው ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይመነጭና ሥሮቹ በዘፈቀደ ይበቅላሉ፣ ይደማሉ፣ ጠባሳ ሠርተው ሬቲናውን ከቦታው ይስቡታል። የዛሬው ሕክምና፣ በሌዘርም ሆነ በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ፣ ይህን ሁለተኛ ደረጃ ለማስቆም ነው። ሕመሙም ከ1980ዎቹ ወዲህ ሬቲኖፓቲ ኦፍ ፕሪማቹሪቲ፣ ማለትም ያለጊዜ የመወለድ የሬቲና ሕመም፣ ይባላል።

ኦክስጅን ሲቀነስ የተከተለው

ከ1954 በኋላ ብዙ ሆስፒታሎች ኦክስጅንን ከ40 በመቶ እንዳያልፍ ከለከሉ። ዕውርነቱ ቀነሰ። ነገር ግን ሳንባቸው ያልጠና ሕፃናት በመጀመሪያው ቀን መሞታቸው ጨመረ፤ ከተረፉትም መካከል እግራቸው የሚተሳሰር ልጆች መታየታቸው ተጻፈ። በ1973 የወጣ አንድ ግምት ዓይኑ ለተረፈ ለእያንዳንዱ ልጅ 16 ያህል ሕፃናት ሞተዋል ይላል። ግምቱ ቢያከራክርም አደጋው እውነት ነበር። በቂ መለኪያ ስላልነበረ ሐኪሙ የሚያውቀው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን እንጂ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አልነበረም።

ዛሬ በሕፃኑ እግር ወይም እጅ ላይ የሚታሠረው መለኪያ ይህን ቢያቃልልም ሚዛኑ አልተፈታም። በ2010 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት የደም ኦክስጅንን ከ85 እስከ 89 በመቶ መያዝ ከ91 እስከ 95 ከመያዝ ይልቅ የዓይን ሕመሙን እንደሚቀንስ፣ ሞትን ግን እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ አብዛኞቹ የሕፃናት ክፍሎች ከፍ ያለውን መጠን መርጠው ዓይንን በምርመራ ይከታተላሉ።

ሽልማቶችና የመጨረሻ ዘመን

ካምቤል በ1954 የብሪታንያን የሲቢኢ ኒሻን፣ በ1971 ዴም የሚለውን ማዕረግ አገኙ። በ1964 የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ የአውስትራሊያ የሕክምና ሽልማትን ከሲድኒው የዓይን ሐኪም ከኖርማን ግሬግ ጋር ተካፈሉ። ግሬግ በ1941 እናት በእርግዝናዋ ወቅት ሩቤላ ሲይዛት የልጁ ዓይን በሞራ እንደሚጋረድ ያሳዩ ናቸው። የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ በ1966 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ1986 በሜልቦርን በ87 ዓመታቸው አረፉ።

ዓይን ደኅና ሆኖ ማየት ሲያስቸግር

የካምቤል ዘመን ሐኪሞች የሚያውቁት ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ወይ ያያል ወይ አያይም ነበር። ትንንሾቹ ሕፃናት በብዛት መትረፍ ሲጀምሩ ሦስተኛ ዓይነት ልጅ ታየ፤ ሬቲናው ጤነኛ፣ በሰሌዳ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፊደላት በሩቅ የሚለይ፣ ሆኖም ያየውን ማስተዋል የሚያቅተው። ዓይን የሚልከውን ምስል የሚያደራጀው አንጎል ነው። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ በአንጎል ውስጥ ካሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች ጎን ያለው ነጭ የነርቭ ጭረት በደምና በኦክስጅን እጥረት በቀላሉ ይጎዳል። ከዓይን ወደ አንጎል ጀርባ የሚሄዱት መስመሮች የሚያልፉት በዚሁ ቦታ አጠገብ ነው። የእግር መተሳሰርና የማየት ችግር በአንድ ልጅ ላይ የሚገናኙት ለዚህ ነው።

የሚያጋጥመው ነገር ከልጅ ልጅ ይለያያል። በብዛት የሚታየው ከታች ያለውን አለማየት ነው። ልጁ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አይቶ ሰላም ይላል፣ በእግሩ ሥር ያለውን ክፍት ቦይ ግን ይስተዋል። ደረጃ ሲወርድ በእግሩ ይዳስሳል። ሌላው ብዙ ነገር በአንድነት ሲቀርብ መጥፋት ነው። ጥር 15 ቀን በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሁሉም ነጠላ ለብሶ በቆመበት እናቱን ከሦስት ሜትር ርቀት መለየት አይችልም፤ ስሙን ስትጠራው ግን ወዲያው ይዞርላታል። የካዛንቺስን መንገድ ሲሻገር አንዱን ሚኒባስ ሲከታተል ሌላው ይጠፋበታል። ፊት መለየት የሚቸግራቸው፣ ሰውን በድምፁና በአረማመዱ የሚያውቁ አሉ።

ትምህርት ሲጀመር ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የፊደል ገበታው 33 በ7፣ በጠቅላላው 231 ፊደል ተጠጋግቶ የተሰለፈበት ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ሲያሳዩት የሚያነብ ልጅ ከገበታው መካከል ሲጠየቅ ይጠፋበታል። ይህን የማያውቅ መምህር ልጁ ሰነፍ ወይም ልቡ የተበተነ ይመስለዋል፤ ትናንት አንብቦ ዛሬ ያቃተው እያወቀ የሚያጠፋ ያስመስለዋል። የሚረዳው ነገር ግን ውድ አይደለም። በካርቶን መካከል ቀዳዳ ቀዶ አንድ ረድፍ ብቻ ማሳየት፣ መስመሮቹን አራርቆ መጻፍ፣ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ ማኖር፣ ጠረጴዛውን ከሌላ ዕቃ ማጽዳት፣ የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም መቀባት፣ እናት ሰው በሚበዛበት ቦታ ደማቅ መሐረብ ማሰር። ጉዳቱ በመድኃኒት ባይመለስም ልጁ ይለምዳል፤ የሚያውቀውን መንገድ በቃሉ ይይዛል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር ለተዛወረ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጅ ካለው፣ መንገዱን እንደ አዲስ አብሮት እየሄደ ማስለመድ የግድ ነው።

በአዲስ አበባ

የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው በሦስት ዓመቱ ሰማዕትነት ተቀበለ ተብሎ በሚታመነው በሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። በውስጡ ያለው ካዛንቺስ ደግሞ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የአህጽሮት ስም የመጣ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል፤ የእናቶች ማዋለጃ ሲሆን በአዲስ አበባ ከሚወለዱት ብዙዎቹ እዚያ ተወልደዋል። የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው።

ከ2016 እስከ 2018 በኢትዮጵያ ያለጊዜያቸው ስለተወለዱ ሕፃናት በተደረገ ትልቅ ጥናት ከተካተቱት አምስት ሆስፒታሎች አንዱ ጋንዲ ነበር፤ ሌሎቹ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጎንደርና ጅማ ናቸው። ወደ አራስ ሕፃናት ማቆያ ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ፣ ማለት 29 በመቶው፣ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ። ከሟቾቹ 45 በመቶ ያህሉ የሞቱት ሳንባቸው ባለመጠንከሩ በመጣ የመተንፈስ ችግር ነው፤ ቀጥሎ ኢንፌክሽን ይመጣል። ኦክስጅን ባይኖር ይህ ቁጥር ይብሳል። በአዲስ አበባ ያለ የሕፃናት ሐኪም በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሕይወት መሆኑ ለዚህ ነው፤ በካምቤል ዘመን የነበሩት ነርሶች ሌሊት ኦክስጅን የከፈቱትም በዚሁ ስሜት ነው።

በኢትዮጵያ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች በ2003 በታተመ ጥናት ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ዓይናቸውን ያጡት በኮርኒያ ጠባሳ ነበር፤ ይህም በአብዛኛው ከኩፍኝና ከቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዓይን ችግር በዝርዝሩ ውስጥ ጎልቶ ያልታየው በሽታው ስለሌለ ሳይሆን ልጆቹ በሕይወት ስለማይቆዩ ነው ማለት ይቻላል። ማቆያ ክፍሎች በተስፋፉ ቁጥር ይህ ይለወጣል፤ በላቲን አሜሪካና በእስያ እንዲሁ ሆኗል። በ2010 ብቻ በዓለም 20,000 ያህል ሕፃናት በዚህ ሕመም ዕውር ወይም ለዕውርነት የቀረቡ እንደሆኑ ተገምቷል።

በአሜሪካ የዓይን ምርመራ የሚታዘዘው 1,500 ግራምና ከዚያ በታች ለሆኑ ወይም በ30 ሳምንትና ከዚያ በፊት ለተወለዱ ነው። ኦክስጅን ከአየር ጋር ሳይቀላቀል ንጹሑ በሚሰጥባቸውና መለኪያ በሚያጥርባቸው አገሮች ግን ከዚያ የከበዱ ሕፃናትም ይታመማሉ፤ በህንድ ምርመራው እስከ 2,000 ግራም የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ከልደት በኋላ በአራተኛው ሳምንት ገደማ መሆን አለበት። አስቸጋሪው ነገር በአራተኛው ሳምንት ብዙ ሕፃናት ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው መግባታቸው ነው። እናት ልጇን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ አሙቃ፣ ክብደቱ ጨምሮላት፣ ዳነልኝ ብላ ከሄደች በኋላ ለዓይን ብቻ ተመለሽ ሲሏት፣ በተለይ ከከተማ ውጭ ከመጣች፣ የትራንስፖርቱ ወጪም ሆነ ምክንያቱ ላይታያት ይችላል። ሕመሙ ደግሞ ከውጭ አይታይም፤ በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ጊዜው አልፏል።

ከአንጎል የሚመጣው ችግር ከዚህም ይዘገያል። በአራተኛው ሳምንት የታየው ሬቲና ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ልጁ መራመድ፣ ደረጃ መውረድና ፊደል መቁጠር ሲጀምር ነው የሚገለጠው፤ መጀመሪያ የሚያስተውሉትም አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና የአጸደ ሕፃናት መምህራን ናቸው።